ፒያኖ፣ ግሸን፣ ፒያኖ

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1923 ሁለት ሴት ልጆች በአሥር ቀን ልዩነት ተወለዱ። አንደኛዋ ኒው ዮርክ ውስጥ ከግሪክ ስደተኞች ቤት፣ ሁለተኛዋ አዲስ አበባ ውስጥ ከከንቲባ ገብሩ ደስታ ቤት። የመጀመሪያዋ ማሪያ ካላስ ናት። ኦፔራ አዳራሽ ገብቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ስሟን ሰምቷል። የሁለተኛዋ ስም የውብዳር ነበር፤ ዓለም ያወቃት ግን ከሰማንያ ዓመት ዕድሜዋ በኋላ፣ እማሆይ ጽጌ ማርያም በሚለው የምንኩስና ስሟ ነው። ሁለቱም በልጅነታቸው ለአውሮፓ ሙዚቃ ተሰጡ፣ ሁለቱም በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ታላቁ መድረክ ደጃፍ ላይ ደረሱ። አንደኛዋ ገባች። የሌላዋን ታሪክ ነው እዚህ የምተርከው፤ የውጭው ነገር ስለሚበዛበት ዘመኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፣ በእኛው ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

ከአባቷ ካልጀመርን የልጅቱ ነገር አይገባንም። ከንቲባ ገብሩ የጎንደር አገር ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ጀርመንኛ ተናጋሪ ሚሲዮናውያን ወስደው ኢየሩሳሌም አስተማሯቸው፤ ከዚያ ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ አጠገብ ወዳለው የቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት ገቡ። አገራቸው ሲመለሱ ቋንቋ አዋቂ በጣም በሚፈለግበት ጊዜ ነበርና በአፄ ምኒልክ ቤት አስተርጓሚም መልእክተኛም ሆኑ፤ የጎንደር ከንቲባነቱም ተሰጣቸው። በ1919 ደጃዝማች ናደው የመሩት ልዑክ ወደ አሜሪካ ሄዶ ፕሬዝዳንት ዊልሰንን ሲያነጋግር ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ጋር አብረው ተጉዘዋል። እንዲህ ያለ አባት ሴት ልጅን ለትምህርት ባሕር ማዶ መስደድ እንደ ነውር አይቆጥርም። እናቲቱ ወይዘሮ ካሣዬ የለምቱ ይባላሉ፤ በልጃቸው ሕይወት ውስጥ እስከ መጨረሻው አብረው የሚዘልቁት እሳቸው ናቸው።

በ1929 የስድስት ዓመቷ የውብዳርና ታላቅ እህቷ ስንዱ ለአዳሪ ትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ። የዚያን ጊዜ መንገዱ አንድ ነው፦ ከለገሃር በባቡር ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ሜዲትራንያንን ተሻግሮ አውሮፓ። ለስድስት ዓመት የደጋ ልጅ ባሕር ምን እንደሚመስል መገመት ይቻላል። ከብዙ ዓመት በኋላ ከደረሰቻቸው የፒያኖ ድርሰቶች አንዱ የባሕር ዜማ የሚል ርእስ አለው።

ስዊዘርላንድ ውስጥ ቫዮሊን ያዘች፤ ፒያኖም ተማረች። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆናት ሰው ፊት ቀርባ ተጫወተች። እህቷ ስንዱ ወደ ሥነ ጽሑፉና ወደ አስተማሪነቱ አዘነበለች፤ ኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት፣ የየልቤ መጽሐፍ ደራሲ፣ በ1957 ምርጫ ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ፓርላማ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። ከአንድ ቤት ሁለት እንዲህ ያሉ ሴቶች መውጣታቸው ብቻውን መጽሐፍ የሚወጣው ነው፤ እኔ ግን በታናሺቱ እጸናለሁ።

በ1933 ስትመለስ አዲስ አበባ የአውሮፓን ሙዚቃ ገና እየተለማመደች ነበር። ኬቮርክ ናልባንዲያን የሚመሩት አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ ባንድ ከኢየሩሳሌም የመጣው በ1924 ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር የደረሱትም እኒሁ ናልባንዲያን ናቸው። ጡሩንባና ከበሮ ለሰልፍ ነበር፤ ፒያኖ ያለበት ቤት ግን በጣት የሚቆጠር፣ እሱም የመኳንንትና የውጭ አገር ሰዎች። የውብዳር እቴጌ መነን ትምህርት ቤት ገባች። ከቤተ መንግሥቱ ግብዣ የማትታጣ፣ በፈረስ ጋሪ ከተማውን የምታካልል፣ ከወንድ የማታንስ የጨዋ ልጅ ነበረች ይላሉ ያነጋገሯት ሰዎች። እሷም በእርጅናዋ ይህን ስትተርክ እየሳቀች ነበር።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በዓመቱ በየካቲት 12 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የደረሰው ጭፍጨፋ የታወቀ ነው፤ ከዚያ የተረፉትን የመኳንንትና የተማሩ ሰዎች ቤተ ሰቦች ደግሞ እየለቀመ በመርከብ ጫነ። የከንቲባ ገብሩ ቤት ከተጫኑት አንዱ ነበር። ስንዱ ወደ ምዕራብ ወርዳ ጎሬ ላይ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ከዋለች በኋላ ተይዛለች። የተወሰዱበት ቦታ አዚናራ ይባላል፤ ከሰርዲኒያ በስተ ሰሜን ምዕራብ የምትገኝ፣ ነፋስ የማይለያት የእስር ደሴት ናት። በኋላም ኔፕልስ አጠገብ ወዳለችው መርኮሊያኖ ተዛወሩ። ጦርነቱ ከቤተ ሰባቸው ሦስት ሰው በልቷል። አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቷት ብዙ ያልቆየች ልጅ ያንን ባሕር ወደ አውሮፓ ሁለተኛ ጊዜ የተሻገረችው እንዲህ ነው። ስለ አዚናራ ብዙ አላወራችም፤ ሆኖም የድርሰቶቿን ርእስ ብቻ ለይቶ የሚያነብ ሰው ቤት አልባ ተንከራታች፣ የአገር ናፍቆት፣ የሟች የመጨረሻ እንባ የሚሉትን እየቆጠረ ይሄዳል። የስዊዘርላንዱ ትምህርት ጣቶቿን ሠራላት፤ ለጣቶቿ የሚጫወቱትን ነገር የሰጣቸው ግን የእስሩ ዘመን ይመስለኛል።

ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደች። መምህሯ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች የተባሉ ፖላንዳዊ ቫዮሊን ተጫዋች ነበሩ። ቀኑን አራት ሰዓት ፒያኖ፣ አምስት ሰዓት ቫዮሊን ትለማመድ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ማለት ነው፤ ለኮንሰርት ፒያኖ ተጫዋች የሚሰጠው ሥልጠና ይህ ነው፤ እንደ ጨዋታ የሚያዝ አይደለም። የካይሮ ሙቀት ግን ጤናዋን ነሳት። ሐኪሞች ወደ ደጋ አገሯ እንድትመለስ መከሩ፤ መምህሯም አብረው መጡ። ንጉሠ ነገሥቱ ኮንቶሮቪችን የክብር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል ኃላፊ አድርገው ሾሟቸው። የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ኋላ እነ ጥላሁን ገሠሠንና እነ ብዙነሽ በቀለን ያወጣ ቤት መሆኑን ለምናውቅ ሰዎች፣ ሥሩ ሲተከል አንዲት የሃያ ዓመት ኢትዮጵያዊት ከመምህሯ አጠገብ በረዳትነት መቆሟ የሚረሳ ነገር አይደለም። በተጨማሪም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በጸሐፊነት ሠርታለች፤ በዚያ ሥራ ላይ የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሴት እንደሆነች ይነገራል።

ከዚያ የለንደኑ ነገር መጣ። በሮያል የሙዚቃ አካዳሚ የምትማርበት ዕድል ተከፈተላት። አካዳሚው ከእንግሊዝ ታላላቅ የሙዚቃ ቤቶች አንዱ ነው፤ እዚያ የገባ ሰው ከወጣ በኋላ የሚጠብቀው የኮንሰርት መድረክ ነው። ሁሉ ነገር ተሰናድቶ ሳለ ከበላይ ፈቃድ ተከለከለች። ምክንያቱን እሷም እስከ ዕለተ ሞቷ ግልጽ አድርጋ አልተናገረችም፤ ዘመዶቿም ጠያቂዎቿም በየፊናቸው ብዙ ግምት አላቸው። የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብላ ማለፍን መርጣለች።

በወቅቱ ግን እንዲህ በቀላሉ አላለፈችውም። እህል አልቀምስም አለች። ቡና ብቻ እየጠጣች ሰነበተች፤ ሰውነቷ ሲደክም ሆስፒታል አስገቧት። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ እህል ሳይነካት ተኝታ፣ ልትሞት ነው ተብሎ ቄስ ተጠራ፤ ሥጋ ወደሙ ተቀበለች። ከዚያ ረጅም እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ የለንደኑ ምኞት ከልቧ ወጥቶ ነበር። የተካው ነገር ጸሎት ሆነ።

አንዳንድ የውጭ ጸሐፊዎች ይህን እንደ ተሰበረ ልብ ታሪክ አድርገው ይጽፉታል፤ ሙዚቃ የተነፈገች ልጅ በቁጭት ገዳም ገባች ይላሉ። ለእኔ አገላለጹ ጎደሎ ነው። እኛ አገር ጌታ የጠራው ሰው ከሹመት፣ ከትዳር፣ ከሀብት ላይ ተነሥቶ መሄዱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ገድላቱ በዚህ የተሞሉ ናቸው። ሴትዮዋ ያጣችውን ነገር ለማካካስ ሄዳ ቢሆን ኖሮ፣ ኋላ እንደምናየው፣ ያጣችውን ነገር በእጇ እንደገና ስታገኘው ለሌላ ሰው አትሰጠውም ነበር።

ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ ሄደች። ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማበር ላይ ሲደርስ የመንዝ ደጋ በግራው ይቀራል፤ እሱ ቁልቁል ወርዶ በኮምቦልቻና በደሴ በኩል ወደ አምባሰል ያቀናል። ግሸን የመስቀል ቅርጽ ያላት አምባ ናት። በድሮ ዘመን ነገሥታት ወንድሞቻቸውንና ልጆቻቸውን የሚያግዱባት ስትሆን ኋላ ግማደ መስቀሉ ያረፈባት ደብር ሆነች፤ መስከረም 21 ቀን ሕዝበ ክርስቲያኑ ከአራቱም ማዕዘን የሚተምባት እሷ ናት። የውብዳር ከእናቷ ጋር አስቀድማ ተሳልማት ነበር። አሁን ግን ልትቀር መጣች። ቆብ ደፋች፣ ጽጌ ማርያም ተባለች።

እማሆይ ጫማቸውን አወለቁ። አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው፣ በትንሽ የሣር ጎጆ ውስጥ፣ ያለ ፒያኖ ያለ ቫዮሊን ኖሩ። ግሸን ከባሕር ጠለል በላይ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ነው። የመንዝ ጓሳን ብርድ የሚያውቅ ሰው፣ በርኖስ ደርቦ ባና ለብሶም ጥርሱ የሚንገጫገጭበትን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ያሳለፈ ሰው፣ የስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ያሳደጋቸው እግሮች ውርጭ የመታውን ድንጋይ ሲረግጡ ምን እንደሚሆን ይገባዋል። ሌላው የዓለም አንባቢ ይህን ዝርዝር እንደ አስገራሚ ወሬ ያልፈዋል፤ የመንዝ ሰው ግን ቁጥሩን ያሰላል፤ አሥር ክረምት፣ አሥር የውርጭ ወራት።

እነዚያ ዓመታት ለሙዚቃው ባዶ ነበሩ ማለት ይከብደኛል። በመንዝ ጓሳ ቄሮ የሚሉት የቆየ ሥርዓት ነበር። ሣሩ ለዓመታት ይታገድ ነበር፣ ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አይነካውም፤ ቀኑ ደርሶ ሲከፈት ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት ጠንካራ ጓሳ ሆኖ ይገኝ ነበር። የእማሆይም ጣቶች እንዲሁ ታግደው ከረሙ። ጆሯቸው ግን አልታገደም። በየማለዳው ኪዳን፣ በየበዓሉ ማኅሌት፤ የጸናጽሉ ቅጭልታ፣ የመቋሚያው ስልት፣ የግዕዙ ጽናት፣ የዕዝሉ ክብደት፣ የአራራዩ ልስላሴ ሲገባበት ኖሯል። ዜማው ከምዕራቡ ትምህርት ጋር ሳይጋጭ የተጋባው ያኔ ነው።

እዚያው ዘመን ላይ ማሪያ ካላስ ሚላን ከተማ ላ ስካላ በሚባለው የኦፔራ ቤት የወቅቱን መክፈቻ እየዘፈነች ነበር፤ 1951 ነው። ስሟ በጋዜጣ ያልወጣበት ሳምንት አልነበረም። የእማሆይ ስም ከአምባሰል ውጭ የሚያውቀው የቅርብ ዘመድ ብቻ ነበር።

ከግሸን ያወረዳቸው እግራቸው ነው። ቆሳሰለ፣ አበጠ፤ ገዳሙን ያስተዳድሩ የነበሩት አባትም አርፈው ነበር። አዲስ አበባ ከእናታቸው ቤት ተመልሰው ገቡ። ቆቡን ግን አላወለቁም። ፒያኖው እንደገና ተከፈተ፤ አሁን ግን የቤትሆቨንና የሾፓን ኖታ እያነበቡ መጫወት ብቻ ሳይሆን የራሳቸውን መጻፍ ጀመሩ።

በ1960ዎቹ ጎንደር ሄደው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ተማሩ። ለሴት ልጅ፣ ያውም ለመነኩሲት፣ ይህን ትምህርት መከታተል በዚያ ዘመን የተለመደ አልነበረም። ጎንደር ላይ ከዜማው ይልቅ ያስጨነቃቸው ግን የቆሎ ተማሪው ነበር። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ የሚዞር፣ ውሻ የሚነክሰው፣ ሲመሽ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር የሚተኛ ልጅ። እኛ ስለለመድነው አናየውም፤ የነገዎቹ መሪጌቶች የሚወጡት ከዚያ መሆኑን እያወቅን እንኳ ቁራሽ ጥለን እናልፋለን። እማሆይ አላለፉትም። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ያላቸው ነገር ፒያኖ ነው። ሸክላ አስቀርጾ ሽያጩን ለድሆችና ለወላጅ አልባ ልጆች መስጠት የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው።

በንጉሠ ነገሥቱ እርዳታ የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎቻቸው በዚያው አሥርት ዓመት ጀርመን ታተሙ። የአንደኛው ሽፋን በጀርመንኛ የሚለው የራሷን ድርሰቶች ትጫወታለች ነው።  ድምፅን ይዞ ወደ ጀርመን በመሄድ የሰሜን ሸዋ ሰው ቀድሟቸዋል፤ የምንጃሩ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በአፄ ምኒልክ ተልከው የመኪና ሙያ ሊማሩ ሄደው፣ ከ1908 ጀምሮ በነበሩት ሁለት ዓመታት ውስጥ ዘፈናቸውን እዚያው በሸክላ አስቀርጸዋል፤ በሸክላ የተቀረጸው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሙዚቃ እሱ ነው። በስፖርቱ ዓለም የምናውቃቸው ይድነቃቸው ተሰማ ልጃቸው ናቸው። ነጋድራስ ተሰማ መኪና ሊማሩ ሄደው ዘፈን ይዘው መመለሳቸውና እማሆይ ለንደን የመድረክ ሙዚቃ እንዳይማሩ ተከልክለው ጀርመን ለምጽዋት ሸክላ ማሳተማቸው፣ ሁለቱም የእቅድ ውጤት አይደሉም።

ሸክላው ላይ ያለው ሙዚቃ ምን ይመስላል? የሰሙት ሰዎች መጀመሪያ ሾፓን ይላሉ። ግራ እጅ ቀስ እያለ እንደ ዋልስ ይወዛወዛል፣ ቀኝ እጅ በላዩ ይፈስሳል፤ እዚህ ድረስ አውሮፓ ነው። ቀኝ እጁ የሚሄድባቸው ድምፆች ግን አምስት ናቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ውስጥ ያሉት። አምባሰል ቅኝት ስሙን ያገኘው ግሸን ካለችበት አገር ነው። ጊዜ አጠባበቁ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። የፈረንጅ ፒያኖ ተማሪ የምት መቁጠሪያ ማሽን አጠገቡ ተቀምጦ ያድጋል፤ እማሆይ ግን ሐረጉን እንደ ደብተራ ይተነፍሱታል፤ ቃሉ እስኪያልቅ ይዘረጋል፣ ሲያልቅ ይቆማል። በማሲንቆ የሚገኘው በድምፆች መካከል የሚንሸራተት ነገር በፒያኖ አይገኝም፤ ቁልፉ ወይ ይመታል ወይ አይመታም። ስለዚህ ከዋናው ድምፅ በፊት ፈጠን ያሉ ትንንሽ ድምፆችን ያርከፈክፋሉ፤ ጆሮ ያኔ ተታሎ መንሸራተቱን የሰማ ይመስለዋል። ይህን የመሰለ የእጅ ብልሃት ከካይሮው ዘጠኝ ሰዓት ውጭ አይገኝም፤ ከግሸንም ውጭ አይገኝም።

በ1967 ዓ.ም. ዘመን ተለወጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ፣ መኳንንቱ ታሰሩ ተገደሉ፣ የሸክላው ገበያ ተዳከመ። እማሆይ ከእናታቸው ጋር አዲስ አበባ ቆዩ። በእነዚያ የደርግ ዓመታት ቤታቸው ውስጥ ፒያኖው አጠገብ የካሴት መቅረጫ አስቀምጠው ለራሳቸው ይቀርጹ ነበር። አንዳንዱ ላይ ፒያኖ ብቻ አይደለም ያለው፤ በአማርኛ ይዘፍናሉ። ግጥሞቹ ስለ ደመናና ስለ ፀሐይ፣ ስለ አገር፣ ስለ ተለየ ሰው ናቸው። ካሴቶቹ ለሕዝብ አልወጡም።

እናታቸው ወይዘሮ ካሣዬ በ1984 አረፉ። የሚያስቀራቸው ነገር አልነበረም፤ በዚያው ዓመት ኢየሩሳሌም ሄዱ። ቀድሞም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከእናታቸው ጋር ተሳልመው፣ ቅዱሳት ቦታዎቹን በስማቸው የጠሩ ድርሰቶች ጽፈው ነበር፤ ጎልጎታ፣ ጌቴሴማኒ፣ ዮርዳኖስ። አሁን የገቡበት ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት፣ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ተጀምሮ በአፄ ምኒልክ ጊዜ ያለቀ፣ ክብ ቤተ ክርስቲያን ያለው የኢትዮጵያ ገዳም ነው። የእማሆይ ክፍል ጠባብ ነበረች፤ አልጋ፣ የቆመ ፒያኖ፣ በእጃቸው የሳሏቸው ሥዕለ አድኅኖ፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ፎቶግራፍ። አባታቸው ፊደል የቆጠሩባት ከተማ ላይ ልጃቸው ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ኖሩ። ለአገልግሎቱ ይተረጉሙ፣ ይጸልዩ፣ ይጽፉ ነበር።

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የድሮ የኢትዮጵያ ሸክላዎችን ኢትዮፒክ በሚል ተከታታይ ሲያሳትም እስከ 2006 የሃያ ጥራዝ ጉዞ አድርጎ ነበር፤ አብዛኛው የአዲስ አበባ የሌሊት ሙዚቃ ነው፤ ነሐስ፣ ኦርጋን፣ የጭፈራ ቤት ድምፅ። ሃያ አንደኛው የአንዲት መነኩሲት ብቸኛ ፒያኖ ሆነ። ተከታታዩን ለጭፈራው ይገዛ የነበረ ሰው ሳይቀር ይህንን ገዛ። እማሆይ ያኔ ሰማንያ ሦስት ሊሞላቸው ነው። ሃያ ሰባተኛው ጥራዝ ደግሞ ከላይ የጠቀስኳቸው የነጋድራስ ተሰማ የጀርመን ቅጂዎች ናቸው፤ የሰሜን ሸዋው ሰውዬና የጎንደሬው ልጅ በአንድ መደርደሪያ ላይ ተገናኙ።

የእስራኤል ፒያኖ ተጫዋች ማያ ዱኒየትዝ ያንን ሲዲ ሰምታ ገዳሙ ድረስ ፈልጋቸው መጣች። ትውውቁ ዓመታት ከወሰደ በኋላ እማሆይ በከረጢት የታጨቀ ወረቀት ሰጧት፤ በእርሳስ የተጻፈ ኖታ፣ አሮጌውም አዲሱም ተቀላቅሎ። ከዚያ ውስጥ ተመርጠው የተስተካከሉት ድርሰቶች በ2013፣ ለዘጠና ዓመታቸው፣ በመጽሐፍ ታተሙ፤ ኢየሩሳሌም ውስጥም ኮንሰርት ተደረገላቸው። ሸክላ ያዳምጥ የነበረው ሰው አሁን ኖታውን ገዝቶ ራሱ መጫወት ቻለ። ከሁሉ ይልቅ ትልቁ ለውጥ ይህ ይመስለኛል፤ ቅጂ አንድ ሰው ሲሞት የሚቀር ነገር ነው፣ ኖታ ግን ሌላ ጣት ይጠራል። አሜሪካ ውስጥ በስማቸው የተቋቋመው ፋውንዴሽንም ልጆች ሙዚቃ እንዲማሩ ለማገዝ የቆመ ነው፤ የጎንደሩ ሐሳብ ቀጠለ ማለት ነው።

በ2017 የእንግሊዝ ቢቢሲ ሬዲዮ ዘገባ ሲሠራላቸው ርእሱን የሆንኪ ቶንክ መነኩሲት አለው። ሆንኪ ቶንክ የአሜሪካ መጠጥ ቤት ፒያኖ ነው። ዘገባው ራሱ በፍቅር የተሠራ ነው፤ ርእሱ ግን አንገቴን ያስነቀንቀኛል። ጆሮ የማያውቀውን ነገር ሲሰማ በሚያውቀው ስም ይጠራዋል መሰለኝ። ኮንቶሮቪች ያስተማራት፣ ያሬድን ደጅ ጠንታ የተማረች ሴት መጠጥ ቤት አልገባችም። ፊልም ሠሪዎች ግን ከሬዲዮው በተሻለ ተረዷቸው፤ በ2020 የወጣው፣ ኋላም ለኦስካር የታጨው ታይም የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ባሏ የታሰረባት ጥቁር አሜሪካዊት ሃያ ዓመት ስትጠብቅ የሚያሳየውን ታሪክ በእሳቸው ፒያኖ አጀበው። የአዚናራዋ ልጅ ሙዚቃ ለእስር ቤት ታሪክ መመረጡ አጋጣሚ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ፊልሙን ያየ ሰው ግን ሌላ ሙዚቃ ሊያስብበት አይችልም። በዓመቱ ፓሲንግ የሚባለው ፊልም ደግሞ ቤት አልባ ተንከራታችን ወሰደ።

አገር ቤትስ? ስማቸው የገባው በዙሪያ ጥምጥም መንገድ ነው፤ ከፓሪስ፣ ከለንደን፣ ከዩቲዩብ። የሙዚቃ ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪዎች የሾፓንን ኖክተርን ለፈተና ሲያቀርቡ የግሸኗን መነኩሲት ኖታ ጎን ለጎን ቢያቀርቡ ምን እንደሚጎድልባቸው አይታየኝም።

ማሪያ ካላስ በ1977 ፓሪስ ውስጥ፣ በሃምሳ ሦስት ዓመቷ፣ ድምፅዋ ከከዳት ከዓመታት በኋላ ሞታ ነበር። እማሆይ ጽጌ ማርያም መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ መቶ ሊሞላቸው ወራት ሲቀሩ፣ አረፉ። በሳምንታት ውስጥ የኢየሩሳሌም ድርሰቶቻቸውን የያዘ ሸክላ ወጣ። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ የደርግ ዘመኖቹ ካሴቶች ጸድተውና ተስተካክለው በአንድ ላይ ታተሙ። ስድሳ ዓመት ያህል ጣታቸውን ሲያዳምጥ የኖረው ሰው የእማሆይን የዘፈን ድምፅ የሰማው በዚህ ነው፤ ቀጭን፣ ዝግ ያለ፣ በአማርኛ።